የግቢ ሳር አረም በእጅ ብቻ ይጠፋል ወይ? (ከሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ)

ባለግቢው (ሲልቨር ስፕሪንግ) | ኤፕሪል 12

ጤና ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዝተን ከገባን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል። የፊቱና የጀርባው ሳር ተደምሮ 220 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ልጆች ኳስ ሊራገጡበት የሚጠብ፣ አጎንብሶ ለሚያርመው ሰው ግን ዳርቻው የማይደረስበት ሜዳ ነው። ከዚህ በፊት በነበርንበት ሰፈር አረም ባየሁ ቁጥር ከመደብር የገዛሁትን መድኃኒት ረጭቼ እገላገል ነበር። እዚህ ግን የመጀመሪያውን ጠርሙስ ይዤ ስወጣ፣ ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት በአጥር በኩል ጠርተውኝ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሰው ሠራሽ ፀረ አረም በግቢ ሳር ላይ መርጨት ክልክል መሆኑን ነገሩኝ። ሳጣራ እውነታቸውን ነው። የካውንቲው ምክር ቤት ሕጉን እ.ኤ.አ. በ2015 አወጣው፤ በ2017 ፍርድ ቤት በግል ግቢዎች ላይ ያለውን ክልከላ ሻረው፤ በ2019 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መልሶ አጸናው። የተፈቀዱ ጥቂት ምርቶች አሉ፤ ከእነርሱ ውጪ የቀረልን መሣሪያ እጃችን ነው።

ባለፈው ዓመት ከሜይ እስከ ኦገስት ከሥራ ነፃ የሆንኩባቸውን ቅዳሜዎች በሙሉ በጉልበቴ ተንበርክኬ አሳልፌያለሁ። ውጤቱን ብነግራችሁ ታዝናላችሁ። ዳንደላየን የሚሉት ባለ ቢጫ አበባው ከላይ ብቻ ተበጥሶ እየቀረ በሳምንቱ እንደገና ያብባል። ክራብግራስ የተባለው በመሬት ላይ እየተንፏቀቀ በጁላይ መጨረሻ የመኪና መቆሚያውን ዳር ሙሉ በሙሉ ወሰደው። ከሁሉም የከፋው ግን ከሳሩ ቀድሞ ሽቅብ የሚመዘዝ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቢጫነት ያለው አረንጓዴ ቅጠል ነው፤ አንዱን ስነቅል በአሥረኛው ቀን ሁለትና ሦስት ሆኖ ይጠብቀኛል። በዚህ መሃል የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሳሬን ሁኔታ እንዳሻሽል የሚያሳስብ ደብዳቤ በበሬ ላይ ለጥፎ ሄደ። አትርጭ የሚል ሕግና አጽዳ የሚል ደብዳቤ በአንድ ግቢ ውስጥ ተገናኙብኝ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። በእጅ ብቻ ይህን ያህል ስፋት ማጽዳት የቻለ ሰው አለ ወይ? ካለ ከየትኛው አረም ልጀምር?

እትዬ ጓሮ (ዊተን፣ ሜሪላንድ) | ኤፕሪል 12

ልጄ፣ እኔ በዚሁ ካውንቲ ከ20 ዓመት በላይ ግቢ ይዣለሁና ያየሁትን ልንገርህ። የደከምከው ሁሉንም አረም በአንድ ዓይነት አነቃቀልና በአንድ ወቅት ስለነቀልክ ይመስለኛል። የጠቀስካቸው ሦስቱ ጠባያቸው ለየቅል ነው፤ ሦስቱንም ቅዳሜ ስለሆነ ብቻ መንቀል ጉልበት ማባከን ነው።

አሁን በኤፕሪል ሥራህ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ትንንሽ ነጭ አበባ ያላትና ቀጫጭን የዘር ከረጢቶች ሽቅብ ያቆመች ቢተርክሬስ የምትባል አረም ናት። እርሷን ለመንቀል ሥሯ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ዘሯ ከደረሰ በኋላ ሲነኳት ከረጢቱ ፈንድቶ ዘሩን በየአቅጣጫው መርጨቱ ነው። ዓይንህ ውስጥ ሲገባ ያን ጊዜ ዘግይተሃል ማለት ነው። አበባ ላይ እያለች ንቀላት።

ሁለተኛው ዳንደላየን ነው። እርሱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ወፍራም ሥር አለው፤ የሥሩ ቁራጭ መሬት ውስጥ ከቀረ ከዚያው ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ደረቅ መሬት ላይ አትታገለው። ጥሩ ዝናብ በጣለ ማግሥት፣ አፈሩ እንደ ጥሩ ሊጥ ሲለዝብ፣ ጫፉ እንደ እባብ ምላስ የተሰነጠቀውን ረጅም የብረት መንቀያ ከሥሩ ጎን አስገብተህ ወደ ላይ አንሳው፤ ቅጠሉን ሰብስበህ በሌላው እጅህ ያዝ እንጂ አትጎትተው። ሥሩ ሳይበጠስ ሲወጣ በእጅህ ይታወቅሃል፤ ሲበጠስ ደግሞ ጠቅ የሚል ድምፅ አለው። አንድ ነገር አትርሳ፤ የተነቀለ አበባ መሬት ላይ ከተተወ ዘሩን ጨርሶ ሊበትን ስለሚችል አበባውን ለብቻ ሰብስበህ ከረጢት ውስጥ ጨምር።

ክራብግራሱንና ያን የሚያብረቀርቀውን ጊዜያቸው ሲደርስ እንነጋገራለን።

የጎጃሙ አራሚ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ) | ኤፕሪል 13

እትዬ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ አቀማመጥ ነው፤ እኛ ልጆች ሆነን ጤፍ ስናርም ማንም ተንበርክኮ አያርምም ነበር። ጤፍ ስስ ነው፤ ጉልበት ያረፈበት ቡቃያ ተሰብሮ ይቀራል። ስለዚህ ቁጢጥ ብለን በአንድ መስመር ተሰልፈን፣ እያንዳንዳችን ከፊታችን ያለውን አንድ ክንድ ስፋት ብቻ እያየን ወደፊት እንሄድ ነበር። ጎረቤት ወንፈል ሆኖ ሲገባ ደግሞ ወሬና ዘፈን ስላለ ድካሙ አይታወቅም። እርስዎ፣ ወንድሜ፣ 220 ካሬ ሜትሩን በአንድ ቀን ለመጨረስ ቆመው ሲያዩት ነው ዳርቻ የሚያጣብዎ። በገመድ ሁለት ሁለት ሜትር ስፋት ያላቸው መደቦች ይከፋፍሉት፤ በቀን አንድ መደብ፣ ከሥራ መልስ 20 ደቂቃ ይበቃል። እኔ ከበርጩማ ዝቅ ባለች የፕላስቲክ መቀመጫ ላይ ተቀምጬ ነው የማርመው፤ በዚህ ዕድሜዬ ቁጢጥ ማለቱን ጉልበቴ አይፈቅድልኝም።

ያ የሚያብረቀርቀው አረም ምን እንደሆነ ለማወቅ ግንዱን በሁለት ጣቶችዎ መሃል ያንከባልሉት። ሳር ከሆነ ድቡልቡል ነው፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ጠርዙ ከጎረበጠዎ የእንግጫ ዘመድ ነው። እዚህ ነትሴጅ ይሉታል። አገር ቤት ለዘመን መለወጫ ዋዜማ ልጃገረዶች እየዘፈኑ የሚነቅሉትን እንግጫ ያስታውሱ፤ በእኛ ቀዬ የተጎነጎነው እንግጫ በምሰሶ ላይ ይታሰር ነበር። ባሕር ማዶ ተሻግሬ በዶላር የገዛሁት ሳር መሃል ሳገኘው ሰላምታ ልሰጠው ምንም አልቀረኝም። ነገር ግን ተንኮለኛ ነው፤ ከሥሩ የሽምብራ ፍሬ የሚያክሉ ቡናማ እንክብሎች አሉት፤ እርስዎ ሲነቅሉት ቅጠሉ ይወጣል፣ እንክብሉ እዚያው ይቀራል፤ ሁለትና ሦስት ሆኖ የሚመለሰው ከእርሱ ነው።

ከቦሌ ቡልቡላ | ኤፕሪል 13

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ይህን ያህል ለምን እንደሚጨነቁ አልገባኝም። የእኔ ግቢ የኪኩዩ ሳር ነው። በየክረምቱ ጨጎጎቱ፣ ቱልቱና የበሬ ጨው የሚባለው ኮምጣጣ ቅጠል ይወጣል፤ አትክልተኛው በቢላዋ ከሥሩ እየቆረጠ ያወጣዋል፤ የተከፈተውን ቦታ ሳሩ ራሱ እየተሳበ በአንድ ወር ይሞላዋል። ትልቁ ስሕተት የሰራሁት ግቢውን ለማስተካከል አንድ መኪና ጥቁር አፈር ያስደፋሁ ጊዜ ነው፤ ከማን እርሻ እንደመጣ ባላውቅም በአንድ ክረምት ከዚያ በፊት አይቻቸው የማላውቃቸው አረሞች ሁሉ በቀሉበት። ምክሬ፤ ነቅለው ይተዉት፣ ሳሩ ይሙላው።

እትዬ ጓሮ | ኤፕሪል 14

ወንድሜ፣ ለአዲስ አበባ ግቢ ያሉት ፍጹም ትክክል ነው። ኪኩዩም ሰርዶም በምድር ላይም በምድር ውስጥም እየተሳቡ ስለሚሄዱ ቀዳዳ ሲያገኙ ይሸፍኑታል። የሜሪላንድ ግቢ ግን በአብዛኛው ቶል ፌስኪው የሚባል ሳር ነው፤ ይህ ሳር በቆመበት እየወፈረ ይሰፋል እንጂ አይሳብም። የእጅ መዳፍ የሚያክል ባዶ ቦታ ከተውክበት በዚያ የሚበቅለው ክራብግራስ ነው። ባለግቢው ባለፈው ዓመት አራት ወር ሙሉ ነቅሎ ያላሸነፈው በዚህ ይመስለኛል፤ የነቀለበትን ጉድጓድ ምን አለበስከው ብዬ ልጠይቀው ነበር።

በነገራችን ላይ እኛ አገር ቤት ሳር የምንለው ሰርዶ ራሱ፣ ያው አንዱ ተክል፣ እዚህ በፌስኪው መሃል ሲገኝ አረም ነው። እርሱን ደግሞ በእጅ መንቀል ማባዛት ነው፤ እያንዳንዱ አንጓ ተቆርጦ ከቀረ ራሱን ችሎ ይበቅላል። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል ያለችው አህያ ሜሪላንድ ብትመጣ ምኞቷን የሚጋሩ ብዙ ባለቤቶች ታገኝ ነበር። ሰርዶ ካለብህ አፈሩን ላላ አድርገህ ክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተከተልክ ሳትቆራርጥ አውጣው፤ ሌላ አቋራጭ አላገኘሁለትም።

ሦስት ቅጠል | ኤፕሪል 14

ሁላችሁም ለማኅበሩ ደብዳቤ እንጂ ለሳሩ የምታስቡ አይመስለኝም። ባለግቢው ከአረሞቹ ጋር ቆጥሮ ያልነገረን አንድ አለ፤ ክሎቨር። እርሱንም እየነቀሉ ከሆነ ይተዉት። አገር ቤት ማገጥ የምንለው ለከብት የተመረጠ መኖ ዘመድ ነው፤ በሥሩ ላይ ባሉት ባክቴሪያዎች አማካኝነት ናይትሮጅን ከአየር እየወሰደ ለአፈሩ ይሰጣል፤ ንቦችም ይወዱታል። በዚሁ አሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የሳር ዘር ሲሸጥ ክሎቨር አብሮ ይደባለቅ ነበር። በ1940ዎቹ አጋማሽ ቱ-ፎር-ዲ የተባለው ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች የሚገድል መድኃኒት ገበያ ላይ ሲወጣ ክሎቨሩን ከዳንደላየኑ ለይቶ መተው አልቻለም፤ ከዚያ በኋላ ነው ክሎቨር አረም ተብሎ የተመዘገበው። መድኃኒቱ በተከለከለበት ካውንቲ የመድኃኒቱን ፍርድ በእጅ ማስፈጸም ምን ይባላል?

ባለግቢው | ኤፕሪል 15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ፣ የጠየቁኝን ሳይጠይቁኝ በፊት መልሰውታል፤ ጉድጓዱን ምንም አላለበስኩትም ነበር። አረሙን ነቅዬ አፈሩን በእግሬ መታ አድርጌ እሄድ ነበር። ሦስት ቅጠል የተባሉት ያሉትም አሳምኖኛል፤ በጓሮ በኩል ያለውን ክሎቨር ልተወው ወስኛለሁ፤ ፊት ለፊት ያለውን ግን ማኅበሩ ደብዳቤ የሚጽፍበት እጅ ስላለው መንቀሉን እቀጥላለሁ። ገመዱንም ገዝቻለሁ።

ባለግቢው | ሜይ 18

አንድ የምስራችና አንድ መርዶ ይዤ ተመልሻለሁ።

የምስራቹ ዳንደላየን ከፊት ለፊቱ ግቢ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ስለዘነበ አፈሩ ለዝቦ ነበር፤ በአንድ ምሽት ብቻ 64 ሥር ቆጥሬ አውጥቻለሁ፤ ረጅሙ ከመሃል ጣቴ ጫፍ እስከ እጄ አንጓ አልፏል። ሊጠይቁን ከጎንደር የመጡት እናቴ ክምሩን አይተው ይህን ጎመን ለምን ትጥላለህ ብለው ለጋ ለጋውን ቅጠል መርጠው በሽንኩርትና በዘይት ሠሩት። ትንሽ ይመርራል፤ በእንጀራ ግን ተበልቷል። መድኃኒት ያልተረጨበት ግቢ መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

መርዶው ደግሞ በአጥሩ ሥር የወጣውን ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ሐረግ በባዶ እጄ መንቀሌ ነው። በማግሥቱ ሁለቱ ክንዶቼ ላይ በመስመር በመስመር ቀይ ሽፍታ ወጣ፤ በሦስተኛው ቀን ውሃ ቋጠረ፤ ማሳከኩ እንቅልፍ አያስተኛም። ሐኪም ፖይዝን አይቪ ነው አለኝ። በቀጣዩ ቀን ደግሞ ባለቤቴ ልብሴን ስታጥብ እርሷም ያዛት።

እትዬ ጓሮ | ሜይ 18

አይዞህ ልጄ። ይህን በመጀመሪያ ማስጠንቀቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አገር ቤት የሌለ ተክል ስለሆነ ከእኛ ሰው ብዙው የሚያውቀው ከተለበለበ በኋላ ነው። መሃለኛዋ ቅጠል ረዘም ያለች እጀታ አላት፤ ሁለቱ የጎን ቅጠሎች እጀታቸው አጭር ነው። የሚያቃጥለው ኡሩሺዮል የተባለ ቅባት ነው፤ ቅባቱ በጓንት፣ በጫማ፣ በመቀስ እጀታና በልብስ ላይ ለብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ባለቤትህን የያዛት ከልብስህ ነው እንጂ ሽፍታው ራሱ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ልብሱን ለብቻው በሳሙና እጠቡት፤ መሣሪያውንም በሳሙና ፈትጉት።

ሌላ ጊዜ ከነካህ ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና ታጠብ፤ በዘገየህ ቁጥር ቅባቱ ወደ ቆዳ ይገባል። የነቀልከውን ደግሞ እባክህ እንዳታቃጥለው። ጭሱ ቅባቱን ይዞ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ከሽፍታ የከፋ አደጋ ያመጣል። የደረቀውም ሐረግ ቢሆን ያቃጥላል።

በዚያ በአጥሩ ሥር ስትገባ ሱሪህን ካልሲህ ውስጥ አስገባ፤ ማታም ገላህን ተመልከት። በዚህ አገር በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገርም አለ።

የድሬ ልጅ | ሜይ 19

ባለግቢው፣ ምሕረቱን ያምጣልዎ። በድሬዳዋ አካባቢ ቅንጭ አረም የምንለውን፣ ፋርምሲሳ የሚባለውን አረም በባዶ እጅ የነቀለ ሰው ሁሉ እንደዚሁ ቆዳው ይቆጣል፤ ሰውነቱ የማይቀበለው ሰው ደግሞ ያስነጥሰዋል፣ መተንፈስም ይቸገራል። ከእርሱ የተማርነው ሁለት ነገር ለእርስዎም ይሠራል፤ የማያውቁትን ተክል ያለ ጓንትና ያለ ረጅም እጅጌ አለመንካት፣ አበባ ሳያወጣ መቅደም። አበባ ካወጣ በኋላ የሚነቅለው ሰው የአበባውን ብናኝ በአፍንጫው እየተቀበለ ነው።

የጎጃሙ አራሚ | ሜይ 19

እግዚአብሔር ይማርዎ። ደኅና ሲሆኑ ወደ ነትሴጁ ይግቡ፤ ጊዜው አሁን ነው። በሜይ ብቅ ሲል እንክብሉ ውስጥ ያለውን ስንቅ እየበላ ነው የሚያድገው። ቅጠሉ አምስትና ስድስት ሳይሞላ ቢነቅሉት እንደገና ለመውጣት ከዚያው ስንቅ መቀነስ አለበት፤ በየአሥር ቀኑ ሳይዘነጉ ቢመላለሱበት ስንቁ ያልቃል። ቀኑ ማጠር ከጀመረበት ከጁን መጨረሻ ወዲህ ግን አዳዲስ እንክብል መሥራት ይጀምራል። ያን ጊዜ በወር አንድ ጊዜ የሚነቅል ሰው አረሙን እየቀለበ ነው ብሎ ይቁጠረው። ባለፈው ዓመት አንዱን ሲነቅሉ ሁለትና ሦስት ሆኖ የጠበቀዎ በዚህም ይሆናል።

ጥቂት ከሆነ ግን ከዚህ የሚፈጥን መንገድ አለ። በአካፋ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ያንኑ ያህል ስፋት ቆፍረው አፈሩን ከነእንክብሉ ያውጡት፤ በወንፊት ቢያበጥሩት የተደበቁትን ሁሉ ያያሉ።

የነቀሉትንም የት እንደሚጥሉ ያስቡበት። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ እምቦጭ ከታየ ወዲህ ያገሬ ሰው በጀልባና በእጁ ስንት ነቀለ፤ ነገር ግን ዳር ላይ የተከመረው ሳይደርቅና ሳይወገድ ሲቀር ውሃው ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል። ነትሴጅ በእርስዎ ማዳበሪያ ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ በሚቀጥለው ዓመት በማዳበሪያው ላይ ተጭኖ ግቢውን ሁሉ ይዞራል። ካውንቲው የጓሮ ውጋጅ የሚሰበስበው በወረቀት ከረጢት ስለሆነ እዚያ ይጨምሩት፤ በፕላስቲክ ካስቀመጡት አይወስዱልዎትም።

ባለግቢው | ጁላይ 20

ሁለት ነገር ልናዘዝ።

አንደኛ፣ በጁን መጀመሪያ ትዕግሥቴ አለቀና በይነመረብ ላይ ባየሁት ምክር መሠረት ኮምጣጤ ረጨሁ። በማግሥቱ ቅጠሉ ጠቆረ፤ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ክራብግራሱ ከሥሩ አገግሞ ተመለሰ፤ ያልተመለሰው ዙሪያውን የነበረው ፌስኪው ነው። አሁን ፊት ለፊቴ ላይ የምጣድ አክንባሎ የሚያህሉ አራት ክብ ቢጫ ቦታዎች አሉ።

ሁለተኛው ግን ነገሩን የለወጠልኝ ነው። ነትሴጁን በየአሥር ቀኑ ስነቅል፣ የነቀልኩበትን ቦታ በወረቀት ላይ በነጠብጣብ ማስቀመጥ ጀመርኩ። በአራተኛው ዙር ወረቀቱን ሳየው ነጠብጣቦቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከጣሪያው አሸንዳ መውረጃ ቱቦ ሥር ጀምረው ወደ መንገዱ የሚወርድ አንድ መስመር ሠርተዋል። ዝናብ በዘነበ ጊዜ ጃንጥላ ይዤ ወጥቼ ቆሜ አየሁ፤ የጣሪያው ውሃ ሁሉ በዚያ መስመር ነው የሚሄደው፤ መሬቱ ለሦስት ቀን አይደርቅም። ቱቦውን በ3 ሜትር ማስረዘሚያ ወደ ቁጥቋጦዎቹ አዞርኩት። ከዚያ ወዲህ መሬቱ ደረቀ፤ በመጀመሪያው ዙር 90 ነቅዬ ነበር፣ በትናንትናው 17።

እትዬ ጓሮ | ጁላይ 20

ይህን ወረቀት በፍሬም ሰቅለህ አስቀምጠው። እኔ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ በግቢዬ ላይ ካርታ መሥራት አላሰብኩም።

ስለ ኮምጣጤው ብቻ አንድ ነገር ልበል፣ ሌላ አንባቢ እንዳይሳሳት። የወጥ ቤቱ ኮምጣጤ 5 በመቶ ገደማ አሲድ ያለው ሲሆን፣ ለአትክልት የሚሸጠው 20 በመቶ የሚደርሰው ግን ዓይንና ቆዳ የሚያቃጥል ነው፤ ተፈጥሯዊ ስለተባለ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ሁለቱም የነካውን ለይቶ አያውቅም፤ በድንጋይ ንጣፍ ስንጥቅ ውስጥ እንጂ በሳር መሃል ቦታ የለውም። ጨው የሚመክርህ ካለ ደግሞ አትስማው፤ በጨው ላይ ሳሩም አይበቅልም።

ክራብግራሱን በተመለከተ፣ እርሱ የአንድ ዓመት ተክል ነው፤ መጀመሪያ ውርጭ ሲጥል በራሱ ይሞታል። ጭንቀትህ ዘሩ ይሁን እንጂ እርሱ አይሁን፤ አንዱ ተክል በሺህ የሚቆጠር ዘር ይጥላል። ስለዚህ አሁን ገና ዘር ሳያወጣ መሃሉን፣ ግንዶቹ ሁሉ የሚነሱበትን አንገቱን ይዘህ አውጣው፤ በየአንጓው ሥር ሰድዶ ሊሆን ስለሚችል ጣቶቹን አንድ በአንድ አንሳ። በሴፕቴምበር ዘሩ ከደረሰ በኋላ እየጎተትክ መሄድ ግን መዝራት ነው። የማጨጃ ማሽንህን ምላጭ ደግሞ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው። ማኅበሩ እንደ ጎልፍ ሜዳ አሳጥረው ቢልም አትስማ፤ ረጅም ሳር መሬቱን ያጠላዋል፣ የክራብግራስ ዘር ደግሞ ለመብቀል ብርሃንና ሙቀት ይፈልጋል።

ሦስት ቅጠል | ጁላይ 21

የፊት ለፊቱ ክሎቨር ምን ደረሰ?

ባለግቢው | ጁላይ 21

እውነት ልናገር፤ ተውኩት። በዚህ ሙቀት ፌስኪው ሲደርቅ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው እርሱ ብቻ ነው። ማኅበሩም እስካሁን ከሳሩ አልለየውም።

ባለግቢው | ሴፕቴምበር 14

እትዬ፣ ባዶውን ቦታ ለማልበስ የሳር ዘር ለመዝራት ተዘጋጅቻለሁ። ኮምጣጤ ያቃጠልኳቸውን አራት ቦታዎችና አረም የነቀልኩባቸውን ባዶ ቦታዎች ሁሉ ስለካቸው 19 ካሬ ሜትር ገደማ ሆኑ። ስንት ዘር? እንዴት?

እትዬ ጓሮ | ሴፕቴምበር 14

ጊዜህን አላለፍክም፤ በእኛ አካባቢ ፌስኪው ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ይዘራል። በፀደይ የሚዘራው ሥሩ ሳይጠነክር ሙቀቱ ይደርስበታል፤ ከክራብግራሱም ጋር እኩል ይበቅላል።

ባዶ ለሆነ መሬት በካሬ ሜትር ከ30 እስከ 40 ግራም ይበቃል፤ ላንተ ከ570 ግራም እስከ 760 ግራም ነው። አብዛኛው ሰው ያበዛዋል፤ ሲበዛ ቡቃያው ተሻምቶ ይቀጭጫል። አፈሩን በመቧጠጫ ሁለት ጣት ያህል ላላ አድርግ፤ ዘሩን ግማሹን ከላይ ወደ ታች፣ ግማሹን ከግራ ወደ ቀኝ በትነው፤ ከዚያ በመቧጠጫው ጀርባ ዘሩ በአፈር ብቻ ድብቅ እንዲል አድርግና በእግርህ ርገጠው። ዘሩ ከአፈሩ ጋር ካልተገናኘ ወፍ ትቀልባለህ። ከገዛኸው ከረጢት ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብብ፤ የአረም ዘር በመቶኛ ስንት እንዳለበት እዚያ ይጻፋል፤ ርካሹን ገዝተህ አረም በገንዘብህ እንዳትዘራ። ለሁለት ለሦስት ሳምንት አፈሩ ከላይ እንዳይደርቅ በቀን ሁለት ጊዜ በቀላሉ አርጥበው፤ ከበቀለ በኋላ ውሃውን አራርቀህ አብዛው።

ከቦሌ ቡልቡላ | ሴፕቴምበር 15

ሳር በግራም ሲመዘን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። እኛ ግን ትናንት አትክልተኛችን ክረምቱ ከመውጣቱ በፊት ቱልቱን ሁሉ አውጥቶ ጨርሶልናል፤ አሁን በእትዬ ምክር ከጎኑ በብረት እየፈነቀለ ነው የሚያወጣው፤ ቢላዋውን ትቶታል። የቱልት ሥር እኮ ካሮት ነው የሚያህለው። ሲቆረጥ ለምን ይመለስ እንደነበር አሁን ገባኝ።

ባለግቢው | ኖቬምበር 2

ከተዘራው አብዛኛው በቅሏል፤ ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ አጨድኩት። በኮምጣጤ ከተቃጠሉት አራት ክቦች ሦስቱ የት እንደነበሩ አይለዩም፤ አራተኛው የዛፍ ጥላ ሥር ስለሆነ ሳሳ። ማኅበሩ ከጁን ወዲህ አልጻፈም። ነትሴጅ በመጨረሻው ዙር አምስት ነበር፤ አምስቱንም ቆፍሬ አወጣሁ፤ ከአንዱ ሥር ሦስት እንክብል አገኘሁ። እናቴ ከመመለሳቸው በፊት አጥበው ቀመሷቸውና ለውዝ ለውዝ ይላል አሉ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። በአዲሱ ሳር መሃል መሬት ላይ የተነጠፈች፣ ክብ ሆና እንደ ኮከብ የተዘረጋች፣ የሃያ አምስት ሳንቲም ገንዘብ የምታህል ትንሽ ቡቃያ በብዛት ወጥታለች። ቅጠሎቿ ዳርና ዳር እየተጣመሩ ይሄዳሉ። አዲሱን ሳር ልነቅለው ስለምፈራ አልነካኋትም። ምንድን ናት?

እትዬ ጓሮ | ኖቬምበር 2

ቢተርክሬስ ናት። በኤፕሪል በመጀመሪያ መልሴ የነገርኩህ ያችው ናት፤ የምትበቅለው አሁን በመከር ነው፤ ክረምቱን እንደዚያ ተነጥፋ ታልፈውና በማርች ታብባለች። አዲሱ ሳር ሁለት ጊዜ ከታጨደ ሥሩ ይዟልና አትፍራ። አንድ እጅህን ዙሪያውን ባለው ሳር ላይ አሳርፍ፣ በሌላው እርሷን ከአንገቷ ያዝና ቀስ ብለህ ሳብ። ነገ ሌሊት ዝናብ አለ ተብሏል፤ ማክሰኞ ጠዋት ውጣ።